ቁጥሩ ተፍቋል ወይስ መጀመሪያም አልነበረም? ሴሪያል ቁጥር የሌላቸው አሮጌ መሣሪያዎችና የአሜሪካ ሕግ፦ ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞዴሉን፣ ዓመቱንና የብረቱን ቀለም ነው። ሴሪያል ቁጥሩን ልብ የሚለው ብዙ ጊዜ ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል ሰው ሊያሳስር ይችላል።

ቁጥሩ የተፋቀበት ሽጉጥ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን የገበያ ዋጋው ዜሮ ነው። እንዲያውም ከዜሮ በታች ነው፤ የጠበቃ ክፍያ ይዞ ይመጣልና። በሌላ በኩል ቁጥር የሌለው መሣሪያ ሁሉ ሕገወጥ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ጭራሽ ቁጥር ያልተመታበት ጠመንጃ በብዛት አለ፤ ዛሬም በሰላም ይሸጣል፣ ይገዛል። ሁለቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቁጥሩ ነበረ ወይስ አልነበረም? ይህን ጥያቄ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መመለስ ይቻላል። ትንሽ ትዕግሥት፣ አጉሊ መነጽርና የሞዴሉን ታሪክ ማወቅ ይበቃል።

የምንነጋገረው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉ ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃ ጋ መቼ መደወል እንዳለብዎት ግን ያሳይዎታል።

ሕጉ ምን ይላል?

ዋናው የፌዴራል ድንጋጌ ርዕስ 18፣ ክፍል 922 ውስጥ “ኬ” በሚለው ፊደል ሥር ይገኛል። አምራቹ ወይም አስመጪው የመታው ሴሪያል ቁጥር የተነሳበትን፣ የጠፋበትን ወይም የተቀየረበትን መሣሪያ እያወቁ ማጓጓዝ፣ መላክ፣ መቀበል ወይም መያዝ ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። የገንዘብ መቀጮው ደግሞ እስከ 250,000 ዶላር ነው።

ሕጉ መሣሪያው በሆነ ጊዜ የክፍለ ግዛት ወይም የአገር ድንበር ተሻግሮ መሆን አለበት ይላል። በዚህ ግን አይጽናኑ። ኮነቲከት ተሠርቶ ኦሃዮ የተገኘ ሽጉጥ ተሻግሯል። ጀርመን ተሠርቶ የመጣም ተሻግሯል። ከዚህ የሚያመልጥ አሮጌ መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ “አያቴ ናቸው በ1950 የፋቁት፣ ያኔ ሕጉ አልነበረም” ይላል። ነበረ። የ1938ቱ የፌዴራል የመሣሪያ ሕግም ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንዳይዘዋወር ይከለክል ነበር። በ1990 ደግሞ መያዝ ራሱ ወንጀል ሆኖ ተጨመረ። የሚጠየቀው ዛሬ የያዘው ሰው ነው። ማን ፋቀው፣ መቼ ፋቀው የሚለው ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

“እያወቁ” የሚለው ቃል ትልቅ ቦታ አለው። ዐቃቤ ሕጉ ቁጥሩ መፋቁን ያውቁ እንደነበር ማስረዳት አለበት። ሕጉ መኖሩን ያውቁ እንደነበር ግን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ “አላየሁትም ነበር” ቢል ማን ያምነዋል? በዕቃው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ምልክት ሲያጠና የኖረ ሰው ነው።

በ2022 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ይህ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወስኖ ነበር። ወሬው በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት ነው የተዛመተው። ግን የአራተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2024 ውሳኔውን ሽሮታል። ያንን አሮጌ ወሬ ይዞ ዛሬም “ሕጉ እኮ ወድቋል” የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ጥለውት ይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ዕድሜውን ይለዩ

ሦስት የዘመን መስመሮች አሉ። መሣሪያዎ ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ሳያውቁ ሌላውን ደረጃ አይጀምሩ።

የመጀመሪያው መስመር 1898 ነው። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ በፌዴራሉ የመሣሪያ ሕግ ዓይን “ጥንታዊ” ነው፤ ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ በዚያ ሕግ ትርጉም “የጦር መሣሪያ” አይባልም። ስለዚህ ስለተፋቀ ቁጥር የሚናገረው ድንጋጌ አይነካውም። የክፍለ ግዛት ሕግ ግን ሌላ ነገር ሊል ይችላል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የሚቆጠረው የሪሲቨሩ ዕድሜ ነው። ሪሲቨር ማለት ቃታው (ጥይት የሚያጎርሰውና የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) የሚመላለስበት፣ ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት ዋናው አካል ነው (ሽጉጥ ላይ ፍሬም ይባላል)። የፊንላንድ ኤም 39 ጠመንጃ ጥሩ ምሳሌ ነው። አፈሙዙ ላይ 1942 የሚል ዓመት ሊነበብ ይችላል። ከእንጨቱ አውጥተው የሪሲቨሩን የኋላ ምላስ ከሥሩ ሲያዩት ግን የ1890ዎቹ የሩሲያ ፋብሪካ ዓመት ሊያገኙ ይችላሉ። ፊንላንዶች የድሮ የሩሲያ ሪሲቨሮችን ነበር መልሰው የሚገጥሙት። ዓመቱ ከ1898 ካላለፈ እንዲህ ያለው ጠመንጃ በሕግ ፊት ጥንታዊ ነው። ከላይ ያለውን ዓመት ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ሳያውቅ ያልፈዋል።

ሁለተኛው መስመር 1968 ነው። ኦክቶበር 22 ቀን 1968 ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት የጠመንጃ ቁጥጥር ሕግ ፈቃድ ያላቸው አምራቾችና አስመጪዎች በሙሉ በየመሣሪያው ላይ ሴሪያል ቁጥር እንዲመቱ አስገደደ። ከዚያ በፊት፣ ከ1958 ጀምሮ፣ ቁጥር እንዲመታ የሚያዝ የፌዴራል ደንብ ቢኖርም ሾትገንን (ብዙ ትንንሽ እርሳስ የሚተፋ ጠመንጃ) እና ባለ .22 ካሊበር (ቀጭን ጥይት የሚተኩስ) ጠመንጃን ይተዋቸው ነበር። ርካሽ የልጆች ጠመንጃዎች፣ በሲርስና በሞንትጎመሪ ዋርድ መደብሮች ስም የተሸጡ ሾትገኖች፣ እንደ ዊንቸስተር ሞዴል 67 ያሉ ነጠላ ጥይት ጎራሾች አብዛኞቹ ቁጥር ኖሯቸው አያውቅም። ማንም አልፋቀባቸውም፤ ስለዚህ ሕጋዊ ናቸው።

ሦስተኛው መስመር 50 ዓመት ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው፣ ቅጂ ያልሆነ መሣሪያ “ኪዩሪዮ እና ሬሊክ” (ብርቅዬና ቅርስ) ወይም በአጭሩ ሲ ኤንድ አር ከሚባለው መደብ ይገባል። ሰብሳቢዎች ለዚህ የሚያወጡት ፈቃድ ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው። ጥሩ ፈቃድ ነው። ግን ደግመን እንበለው፦ ሲ ኤንድ አር መሆኑ ከተፋቀ ቁጥር አያድንም። ፈቃዱ የግዥውን መንገድ ያቀልልዎታል እንጂ የተፋቀውን ሕጋዊ አያደርገውም።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩ የት መሆን እንዳለበት ይወቁ

ይህ ደረጃ ብዙ ሥራ አለው፤ ብዙ ስሕተትም የሚሠራው እዚህ ነው። “ቁጥር የለውም” ከማለትዎ በፊት ቁጥሩ ለዚያ ሞዴል የት እንደሚመታ ማወቅ አለብዎት። “ቁጥር አለው” ከማለትዎ በፊትም ያነበቡት ቁጥር እውነት ሴሪያል መሆኑን።

የድሮ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨርን እንውሰድ። ከበሮውን ወደ ጎን ሲከፍቱት፣ ከበሮውን የሚይዘው ክንድ ሥር አንድ ቁጥር ይታያል። ብዙ ሰው ያንን ጽፎ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ፋብሪካው ክፍሎችን አንድ ላይ ለማቆየት የተጠቀመበት የመገጣጠሚያ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ሴሪያል የእጀታው መቀመጫ ላይ፣ ከታች በኩል ነው። ሽጉጡ በኋላ ትልቅ እጀታ ከተገጠመለት ቁጥሩ ከእጀታው ሥር ተደብቆ ይቀራል። ካቻቢቴ ይዞ አንዷን ብሎን ፈትቶ እጀታውን ማውጣት ነው፤ ሻጩ ይህን እንዲያደርግ መጠየቅ ነውር የለውም። እምቢ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

ታዲያ ያ መቀመጫ የማሰሪያ ቀለበት ለመትከል ተቦርቡሮ ወይም ቅርጹ ተለውጦ ተሞርዶ ቢሆንስ? ማንም ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም ቁጥሩ ጠፍቷል። ሕጉ የፋቂውን ዓላማ ሳይሆን ቁጥሩ መጥፋቱን ነው የሚያየው። እንዲህ ዓይነቱ ሽጉጥ ላይ ጠበቃ ሳያማክሩ እጅዎን አያስገቡ።

የጀርመኑ ሉገር ፒ 08 ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የወታደራዊው ሉገር ቁጥር ከ4 አሃዝ አይበልጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ አንዲት የላቲን ፊደል ትከተለዋለች። ቁጥሩ በየዓመቱ እንደገና ከአንድ ይጀምር ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይነት አራት አሃዝ ያላቸው ብዙ ሉገሮች አሉ፤ የሚለያቸው ዓመቱ፣ ፋብሪካውና ፊደሏ ናቸው። ፊደሏን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ መዝግበው ቢሄዱ፣ የተሰረቀ መሆኑ ሲጣራ የሌላ ሰው ሽጉጥ ሊወጣ ይችላል።

ትንንሾቹ የሉገር ክፍሎች ላይ የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይመታሉ። ሁሉም ከተገጣጠሙ ሰብሳቢዎች “ማቺንግ” ይሉታል፤ ዋጋው ይጨምራል። ዋጋው ስለሚጨምርም አጭበርባሪ አይጠፋም። ትንሿን ክፍል ፍቆ በአዲስ መምቻ “የሚስማማ” አሃዝ የሚመታ ሰው ገዢን እያታለለ ነው። ፍሬሙ ላይ ያለውን ዋናውን ቁጥር የሚቀይር ደግሞ በቀጥታ የፌዴራል ወንጀል ውስጥ ገባ። በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች የያዙትን የምርኮ ወረቀት (የማረኩትን መሣሪያ ይዘው እንዲመለሱ የተፈቀደበትን ሰነድ) ይጠንቀቁ። ሽጉጡን ከነወረቀቱ የሚገዛ ሰው ብዙ ይከፍላል። ስለዚህ ሌላ ሽጉጥ ላይ ከወረቀቱ ጋር የሚገጥም ቁጥር ሊመታ ይችላል።

የጃፓኑ አሪሳካ ጠመንጃ ግን በተቃራኒው ሰዎችን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ሪሲቨሩ አናት ላይ በግራይንደር የተፋቀ ክብ ቦታ ይታያል። ያ ሴሪያል ቁጥር አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ የአደይ አበባ መሰል ዓርማ ነበር፤ ጠመንጃዎቹ እጅ ሲሰጡ ዓርማው እንዳይደፈር ተፋቀ። ሴሪያሉ በሪሲቨሩ ግራ ጎን ላይ ነው። እሱ በደንብ ከተነበበ የዓርማው መፋቅ የሰብሳቢ ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ በሕግ አያስጠይቅም።

አውቶማቲካሊ የሚጎርሱ ሽጉጦች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ፍሬሙም ተንሸራታቹም (ፍሬሙ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው የላይኛው ክፍል) ላይ ሊኖር ይችላል። “ተንሸራታቹ ላይ ይነበባል እኮ” የሚለው ክርክር በቅጣት አወሳሰን ላይ ከአንድ በላይ በሆኑ ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት አጥቷል። ፍሬሙ ላይ ያለው ከተፋቀ ተፍቋል።

ደረጃ 3፦ ብረቱን በቅርበት ይመርምሩ

መጀመሪያ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። የጥይት ካዝናውን ያውጡ፣ ቃታውን (ምላጩን ሳይሆን) ወደኋላ ስበው ይክፈቱ፣ የጥይት ጉድጓዱን በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ሻጩ “ባዶ ነው” ማለቱ አይበቃም።

ከዚያ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና የእጅ ባትሪ ይያዙ። መብራቱን ከፊት አያብሩት፤ ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ አድርገው ያብሩት። ከፊት ሲበራ የማይታይ ጭረትና ጎድጓዳ ከጎን ሲመጣ ጥላ ይጥላል።

ቁጥሩ መኖር ያለበት ቦታ ብረቱ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው መሐሉ እንደ ሾርባ ማንኪያ ጎድጎድ ካለ አንድ ሰው ሞርዶታል። በዙሪያው ያሉት ጠርዞች ስለታም ሆነው እዚያ ብቻ ከደነዙ ያው ነው። የሞረድ ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል፤ ፋብሪካው ያለሰለሰበት መስመር ግን ከሌላው ገጽ ጋር ይቀጥላል። በተደጋጋሚ በመምቻ የተቀጠቀጠ፣ በብየዳ የተሞላ፣ ወይም አሃዞቹ ላይ “ኤክስ” የተመታበት ቦታ ግልጽ ነው፤ ብዙ ምርመራ አይፈልግም።

ቁጥሩ ካለ ደግሞ የአሃዞቹን ግርጌ ይዩ። ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ይመታል፣ ቀጥሎ ያለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቁራል። ስለዚህ የአሃዙ ጎድጓዳ ውስጥ ልክ እንደ ዙሪያው ጥቁር ቀለም መኖር አለበት። ውስጡ ነጭ ብረት ካበራ ወይም ጠርዙ ላይ ትኩስ እብጠት ካለ፣ ቁጥሩ የተመታው ቀለሙ ካረፈ በኋላ ነው። አንዱ አሃዝ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዘንበል ካለ፣ ሦስቱ ወደ ስምንት የተቀየረ ከመሰለ፣ የፊደሉ ቅርጽ ከታወቀው የፋብሪካ ቅርጽ ከተለየ ግዥውን ያቁሙ።

ዝገትና ማለስለስ ሌላ ጣጣ ናቸው። አንዳንድ አሮጌ ሽጉጥ እንደገና ሲጠቁር ባለሙያው ከልክ በላይ ያለሰልሰውና ቁጥሩ ይሳሳል። ዝገትም ይበላዋል። በዓይን የሚነበብ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። የማይነበብ ከሆነ ግን “ዝገት ነው የበላው” የሚለውን የሚያምን መርማሪ ላያገኙ ይችላሉ። እኔ ብሆን አልገዛውም።

በነገራችን ላይ፣ የተፋቀ ቁጥር ፋቂው እንዳሰበው አይጠፋም። ቁጥር ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ይጨመቃል። የወንጀል ምርመራ ቤተ ሙከራዎች ያንን ተጠቅመው ቁጥሩን ብዙ ጊዜ መልሰው ያወጡታል። ያ ቁጥር ሲወጣ የተሰረቀ መሣሪያ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ ሁለት ሆነ።

ደረጃ 4፦ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሥራን ከጓሮ ሥራ ይለዩ

ሁሉም የተሰረዘ ቁጥር የወንጀለኛ እጅ የለበትም። ጦር ሠራዊቶች ራሳቸው መሣሪያ ሲያድሱ ቁጥር ይቀይራሉ። ሶቪየቶች የማረኳቸውን ካር 98 ሞዜሮች በየግምጃ ቤቱ ፈታተው፣ አጽድተው፣ ከተገኘው ክፍል ገጣጠሙ። ከዚያ የሪሲቨሩን ቁጥር በኤሌክትሪክ እርሳስ (ብረት ላይ በሚጽፍ መቅረጫ) ቃታው ላይ ጻፉ፤ የቀድሞውን ቁጥር በመስመር ሰረዙት። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት እንዲህ ያሉ ሞዜሮች ብዙ ናቸው። የተሰረዘው ቃታው ላይ ያለው ነው፤ የሪሲቨሩ ቁጥር በቦታው አለ።

የአሜሪካ ጦርም እንዲሁ አድርጓል። ቁጥራቸው የጠፋ ወይም የተደገመ አንዳንድ ኤም 1911 ሽጉጦች በ“ኤክስ” ፊደል የሚጀምር አዲስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የማያውቅ ሰው ያየውና “ተቀይሯል” ብሎ ይሸሻል፤ የሚያውቅ ሰው ይፈልገዋል። ግን አጭበርባሪም ይህን ታሪክ ያውቃል። ስለዚህ “ጦሩ ነው የቀየረው” የሚል ሻጭ በጽሑፍ ማስረጃ ያቅርብ።

ማስረጃው ከየት ይመጣል? ኮልት የራሱ የማኅደር ክፍል አለው፤ ቁጥሩን ሰጥተው በክፍያ ደብዳቤ ያገኛሉ። ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽኑ ተመሳሳይ ደብዳቤ ይሰጣል። የዊንቸስተርና የማርሊን መዛግብት ደግሞ ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ባለው የኮዲ የመሣሪያ ሙዚየም ይገኛሉ። ደብዳቤው ሽጉጡ መቼ ወጣ፣ ለማን ተላከ፣ ምን ዓይነት አፈሙዝና ቀለም ነበረው የሚለውን ይነግርዎታል። በእጅዎ ያለው ከዚያ ጋር ካልገጠመ ቁጥሩ የሌላ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

“ፋብሪካ ሠራተኛ በምሳ ዕቃው ደብቆ ያወጣው ነው” የሚባል ታሪክም ይሰማሉ። ቁጥር ሳይመታበት የወጣ ኤም 1911 ማለት ነው። ታሪኩ እውነት ቢሆን እንኳ የተሰረቀ ዕቃ ነው እየገዙ ያሉት። ተረቱ ዋጋ ለመስቀል ነው የሚነገረው፤ ማስጠንቀቂያ አድርገው ይውሰዱት።

ደረጃ 5፦ ከመክፈልዎ በፊት

በጋን ሾው (የመሣሪያ ሽያጭ ትርኢት) ጠረጴዛም ይሁን በሰፈር ሽያጭ፣ ሙሉ ቁጥሩን ከነፊደሉና ከነቅድመ ፊደሉ ይጻፉ። የተሰረቀ መሣሪያ የሚመዘገብበትን የፌዴራል ዳታቤዝ ግለሰብ ሊያየው አይችልም። የአካባቢዎ ፖሊስ ግን ሊያጣራልዎት ይችላል፤ ሻጩ እስኪጣራ ይጠብቅ እንደሆነ ይጠይቁት።

ደረሰኝ ይቀበሉ። ሞዴሉ፣ ካሊበሩ፣ ቁጥሩ ወይም “ከፋብሪካ ቁጥር የሌለው” የሚለው፣ ቀኑና የሻጩ ስም ይጻፍበት። ቁጥሩ ስለሚመታበት ቦታ ጥርት ያለ ፎቶ ያንሱ። ይህ ከዓመታት በኋላ “ሲገዛው እንዲህ ነበር” ለማለት ያገለግላል።

ጥርጣሬ ካለ፣ ሽያጩ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል እንዲያልፍ ይጠይቁ። ነጋዴው የራሱ ፈቃድ አደጋ ላይ ስለሚወድቅ በደንብ ያየዋል። የተፋቀ ከሆነ አይነካውም።

ደረጃ 6፦ ዕቃው ቤት ካለስ?

አባትዎ ሞተው ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ቁጥሩ የተሞረደ ሽጉጥ አገኙ እንበል። ውርስ ሆኖ የመጣ መሣሪያ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንዲተላለፍ ሕጉ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጣል። ስለተፋቀ ቁጥር በሚናገረው ድንጋጌ ግን የውርስ ነፃነት የለም። ካዩት ደቂቃ ጀምሮ “እያወቁ” የሚለው ቃል እርስዎን ይመለከታል።

ጥይቱን አውጥተው ይቆልፉት። ከዚያ በላይ አይነካኩት።

ቁጥሩን እንደገና ለመምታት በፍጹም አይሞክሩ። ትክክለኛው ቁጥር ከወረቀት ቢገኝ እንኳ በራስዎ እጅ መምታት ሌላ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ቆራርጠው መጣልም መልካም አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋት ተብሎ ሊታይ ይችላል። ለወንድም አይስጡት፣ ለጓደኛ አይሽጡት፣ በፖስታ አይላኩት፣ በመኪና ይዘው ድንበር አይሻገሩ። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፈው “ይህ ምንድን ነው?” ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ሁሉ እንዳወቁት ያውቃል።

የፌዴራል የመሣሪያ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ይደውሉ። ለጠበቃ የሚነግሩት ምስጢር ነው፤ ለፖሊስ ዴስክ የሚነግሩት አይደለም። ጠበቃው ኤቲኤፍን (የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የመሣሪያና የፈንጂ ቢሮን) ወይም ፖሊስን አነጋግሮ መሣሪያው የሚረከብበትን መንገድ ያመቻቻል። ርክክቡ ሲፈጸም ደረሰኝ ይቀበሉ። አፈሙዙ፣ እንጨቱና ሌሎቹ ክፍሎች ለብቻቸው በሕግ “መሣሪያ” ስለማይባሉ፣ ፍሬሙ ብቻ ተረክቦ ክፍሎቹ እንዲቀሩልዎት ጠበቃው ሊጠይቅ ይችላል። ለብርቅ ዕቃ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

“ጥያቄ አንጠይቅም” የሚሉ የመሣሪያ መሰብሰቢያ ቀናትም አሉ። የከተማው ፖሊስ የገባው ቃል የፌዴራል ዐቃቤ ሕግን አያስገድድም፤ እዚያ እስኪደርሱም መንገድ ላይ ይዘውት ነው። ከመሄድዎ በፊት ለጠበቃው ይንገሩት።

አውቶማቲክና ያጠሩ መሣሪያዎች

እዚህ ጨዋታው ይከብዳል። መትረየስ፣ ድምፅ ማፈኛ፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃና ከ18 ኢንች ያጠረ ሾትገን በ1934ቱ ብሔራዊ የመሣሪያ ሕግ ይገዛሉ። በዚህ ሕግ ቁጥሩ የተፋቀውን መያዝ ብቻ አይደለም ወንጀል፤ ቁጥር የሌለውን መያዝም ነው። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ነው። “ከፋብሪካ ቁጥር አልነበረውም” የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም።

ወታደሮች ከጦርነት ያመጧቸውን መትረየሶች እንዲያስመዘግቡ በ1968 ከኖቬምበር 2 እስከ ዲሴምበር 1 ምሕረት ተሰጥቶ ነበር። ያኔ ያልተመዘገበ ዛሬ በግለሰብ ስም አይመዘገብም። የዚህ ሕግ የ“ጥንታዊ” ትርጉምም ጠባብ ነው። ጥይቱ ዛሬም ገበያ ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ አፈሙዙ የተቆረጠ የ1890ዎቹ ዊንቸስተር እንኳ ሊገባበት ይችላል።

የክፍለ ግዛት ሕግ

የፌዴራሉን ማወቅ ግማሹ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ቁጥር መፋቅ ከባድ ወንጀል ሲሆን የተፋቀውን እያወቁ መያዝ ቀለል ካለው መደብ ነው፤ ጥንታዊ መሣሪያን ሕጉ በግልጽ ይተወዋል። ፔንሲልቬንያ ግን መያዙንም የሁለተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለሰብሳቢ የሚጠቅም አንድ በር አላት፦ ቁጥር ለሌለው ወይም ቁጥሩ ለጠፋ መሣሪያ የክፍለ ግዛቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ መለያ ሊመድብ ይችላል። ይህ ግን ራስዎ ሄደው የሚያንኳኩት በር አይደለም። መሣሪያው የተፋቀ ከሆነ ጥያቄውን የሚያቀርበው ጠበቃ ይሁን። ክፍለ ግዛት ቀይረው ሲኖሩ ስብስብዎን ከመጫንዎ በፊት የአዲሱን ቦታ ሕግ ያጣሩ።

የፌዴራል ቅጣት ሲወሰንም የተፋቀ ቁጥር በሌላ የመሣሪያ ወንጀል ላይ፣ ቅጣቱ በሚሰላበት መመሪያ፣ 4 ደረጃ ይጨምራል። ከ2024 ጀምሮ የቅጣት መመሪያው መለኪያው ያልታገዘ ዓይን ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር እንዲያው ሲታይ የማይነበብ መሆን አለበት። ይህ ከዚያ በፊት ፍርድ ቤቶችን ያከራክር ነበር።

ቁጥር ያልነበረውን በሰላም መሸጥ

አሁን ወደ ንጹሐኑ እንመለስ። ከ1968 በፊት ያለ ቁጥር የተሠራውን .22 ጠመንጃዎን ሊሸጡ ነው እንበል። ነጋዴው “ቁጥር ከሌለው አልቀበልም” ሊልዎት ይችላል። በ2022 የወጣው አዲስ የፌዴራል ደንብ በግለሰብ የተሠሩ ቁጥር አልባ መሣሪያዎች ነጋዴ እጅ ሲገቡ ቁጥር እንዲመታባቸው ስለሚያዝ ግራ ተጋብቶ ይሆናል። ያ ደንብ ግን ከኦክቶበር 22 ቀን 1968 በፊት የተሠሩትን፣ በኋላ እንደገና ካልተሠሩ በስተቀር፣ አይመለከትም። የእርስዎ ደግሞ የፋብሪካ ሥራ ነው።

ሞዴሉ ያለ ቁጥር ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ የካታሎግ ገጽ ወይም የታወቀ የማጣቀሻ መጽሐፍ ቅጂ ይዘው ይሂዱ። የብረቱ ገጽ ያልተነካ መሆኑን በመብራት ያሳዩት። በቅጽ 4473 (ከነጋዴ መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ) ላይ ሴሪያል ቁጥር በሚለው ቦታ ነጋዴው “ቁጥር የለውም” የሚል ማስታወሻ እንዲጽፍ ቅጹ ራሱ ይፈቅድለታል፤ በመዝገቡም እንዲሁ ያስገባዋል። ከፈለጉ ለኢንሹራንስና ለፖሊስ እንዲረዳዎት ጠመንጃው ላይ ሳይሆን ካርድ ላይ የራስዎን መለያ ይስጡት፤ ካርዱን ከፎቶዎቹና ከደረሰኙ ጋር፣ መሣሪያው ከሚቆለፍበት ካዝና ውጭ በሌላ ቦታ ያስቀምጡት።